ድምፁ ቢጠፋ መሣሪያው ተበላሸ ማለት አይደለም

በየካ ክፍለ ከተማ በፈረንሳይ ለጋሲዮን ሠፈር፣ ከእንጦጦ ተራራ ግርጌ፣ አንዲት እናት ይኖራሉ። በጉልበታቸው ዘመን ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ሥር ጭራሮና ቅጠል እየሰበሰቡ፣ በጀርባቸው አዝለው ቁልቁለቱን እየወረዱ፣ ያንኑ ሸጠው ልጆቻቸውን ያሳደጉ ናቸው። ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጆሯቸውም ከብዷል። ልጃቸው የዕቁብ ዕጣ ሲወጣላት ሆም ቲያትር የሚባለውን የድምፅ መሣሪያ ገዝታ ከቴሌቪዥኑ ጋር ያገናኘችው ለዘፈን ብላ ሳይሆን እናቷ ማታ ማታ ዜና እንዲሰሙ ነበር።

ለበዓል ቤት ሲጸዳ ቴሌቪዥኑ ከቦታው ተነሣ፤ ገመዶቹ ተነቀሉ፤ በኋላም ተመልሰው ተሰኩ። ምስሉ እንደ ወትሮው መጣ። የሆም ቲያትሩ ድምፅ ግን ጠፋ። የቴሌቪዥኑ የራሱ ድምፅ ቢኖርም እናትዬዋ ቃሉን ለይተው አይሰሙትም። «ተዪው ልጄ፣ ማየቱ ይበቃኛል» አሉ። የተጠራው ጠጋኝ «ውስጡ ተቃጥሏል» ብሎ የጠየቀው ገንዘብ የመሣሪያውን ግማሽ ዋጋ የሚያህል ነበር። ልጅቱ ከመክፈሏ በፊት እኛን አማከረችን። ለካስ የተቃጠለ ነገር አልነበረም፤ አንዱ ገመድ ቀዳዳውን ስቶ ኖሯል።

ይህ ችግር በብዙ ቤት የሚደርስ ስለሆነ ዛሬ ልንነጋገርበት ወደናል። በ1957 ዓ.ም. የቴሌቪዥን ሥርጭት በአገራችን ሲጀመርና ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት በየቤቱ የነበረው ቴሌቪዥን ሆደ ሰፊ ስለነበረ ለድምፅ ማውጫው በቂ ቦታ ነበረው። የዛሬው ቴሌቪዥን ግን ስስ ነው። ትናንሾቹ ድምፅ ማውጫዎቹም አብዛኛውን ጊዜ ወደ ታች ወይም ወደ ግድግዳው ዞረው ስለሚቀመጡ የሰው ንግግር ይደበዝዛል። ስለዚህ ድምፅ ማጉያ ማገናኘት ጆሮው ለከበደ ሰው ቅንጦት አይደለም።

ወደ ምርመራው ከመግባታችን በፊት አንድ ስም እንለይ። በእኛ አገር «ሪሲቨር» ሲባል ሁሉም የሚረዳው የዲሹን ሳጥን ነው። የሆም ቲያትሩም ዋና ሳጥን በመመሪያ መጽሐፉ ላይ በዚሁ ስም ስለሚጠራ ሰው ይደናገራል። እኛ የመጀመሪያውን የዲሽ ሳጥን፣ ሁለተኛውን ማጉያ እያልን እንቀጥል።

ውኃ ሲጠፋ ቧንቧውን ከማስቀየራችን በፊት ቆጣሪው አጠገብ ያለው መዝጊያ መከፈቱን እናያለን። ድምፅም እንደዚሁ ከዲሹ ሳጥን ተነሥቶ በቴሌቪዥኑ አልፎ፣ በገመድ ወደ ማጉያው ገብቶ ወደ ጆሯችን ይደርሳል። መንገዱን በየደረጃው ይመርምሩ። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ይለውጡ፤ ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ከነካኩ የትኛው እንዳዳነው አያውቁም።

አንደኛ፣ ማጉያውን ለብቻው ይፈትኑ። በስልክዎ ብሉቱዝ ወይም በፍላሽ አንድ ነገር ያሰሙበት። ከሰማ ማጉያውም ድምፅ ማውጫዎቹም ጤነኞች ናቸው፤ ችግሩ ከቴሌቪዥኑ እስከ ማጉያው ባለው መንገድ ላይ ነው። ካልሰማ ድምፁ ተቀንሶ ወይም ታፍኖ እንደሆነ ይዩ። ከዚያም ከመብራት ነቅለው ከማጉያው ጀርባ ያሉትን ቀጫጭን ሽቦዎች ይመልከቱ፤ የሁለቱ ጫፎች ከተነካኩ ማጉያው ራሱን ለመጠበቅ ሲል ዝም ይላል። ከመጠን በላይ ሲሞቅም እንዲሁ ያደርጋል። የዳንቴል ልብስ ለቤት ጌጥ ነው፤ የማጉያውን መተንፈሻ ቀዳዳ ግን መሸፈን የለበትም። የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከግርጌው ያሉት ሠፈሮችም ከፍታ ላይ ናቸው። በከፍታ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ዕቃ የማቀዝቀዝ ኃይሉ አነስተኛ ነው፤ ብርዱ አያታልልዎ።

ሁለተኛ፣ ከቴሌቪዥኑ ከራሱ ድምፅ ይሰማ እንደሆነ ይሞክሩ። ከአንዱ ጣቢያ ጠፍቶ ከሌላው ከተሰማ ጥፋቱ የገመዱ አይደለም። በዲሹ ሳጥን መቆጣጠሪያ ላይ «ኦዲዮ» የሚለውን ተጭነው ሌላውን የድምፅ መስመር ይምረጡ።

ሦስተኛ፣ ገመዱን ያጣሩ። በየቤቱ የሚገኘው ሦስት ዓይነት ነው። ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ ከቴሌቪዥኑ «አውት» ከሚለው ተነሥቶ በማጉያው «ኢን» በሚለው መግባት አለበት። ብዙ ሰው በሁለቱም በኩል «ኢን» ላይ ይሰካዋል፤ ሁለት መግቢያ ቢገናኝ ድምፅ አይወጣም። ኦፕቲካል የሚባለው በብርሃን የሚሠራ ነው፤ ጫፉ ላይ ያለው የፕላስቲክ ክዳን መነሣቱን፣ ቴሌቪዥኑ በርቶ ሳለም በሌላው ጫፍ ቀይ ብርሃን መታየቱን ይመልከቱ። ይህ ገመድ ከታጠፈ ውስጡ ይሰበራል። ሦስተኛው ኤችዲኤምአይ ነው። ቴሌቪዥኑ በዚህ ገመድ ድምፅ መልሶ ወደ ማጉያው እንዲልክ የሚያደርገው «ኤአርሲ» የተባለው አሠራር በ2009 እ.ኤ.አ. የመጣ ሲሆን፣ በአብዛኛው ቴሌቪዥን ላይ የሚሠራው በአንዱ ቀዳዳ ብቻ ነው። ከቀዳዳው አጠገብ ሦስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ተጽፈዋል። ያቺ ልጅ የሰካችው ከዚህ ጎን ባለው ነበር። ቀዳዳዎቹ መንትያ ስለሆኑ ገመዱ ያለ ችግር ይገባል፤ ምስሉም በሌላ ገመድ ስለሚመጣ ጉድለቱ አይታይም።

አራተኛ፣ ትእዛዙን ያስተካክሉ። በቴሌቪዥኑ ማውጫ «ሳውንድ» ከሚለው ሥር ድምፁ ወደ ውጭ እንዲሄድ ይምረጡ። የኤአርሲ ተጠቃሚ ከሆኑ መሣሪያዎቹን የሚያግባባው ትእዛዝ መብራቱን ያረጋግጡ፤ ሳምሰንግ «ኤኒኔት ፕላስ»፣ ኤልጂ «ሲምፕሊንክ»፣ ሶኒ «ብራቪያ ሲንክ» ይሉታል። በማጉያውም ላይ የገመዱን መግቢያ ይምረጡ። ይህ ሁሉ ሆኖ ዝም ካለ፣ የዲጂታሉን ድምፅ ዓይነት «ፒሲኤም» ያድርጉት። አንዳንድ ማጉያ ከዚህ ሌላ የሚላክለትን መፍታት አይችልም።

አምስተኛ፣ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ድምፅ ከጠፋ መሣሪያዎቹ ተኳርፈው ይሆናል። ሁለቱንም ከግድግዳው ይንቀሉ፤ ጥቂት ደቂቃ ቆይተው ቴሌቪዥኑን፣ ቀጥለውም ማጉያውን ያብሩ። መብራት በሄደ ቁጥር መንቀል፣ ሲመለስም እስኪረጋ መጠበቅ ደግሞ ዕቃ ያቆያል። በክረምት እንጦጦ ላይ ነጎድጓድ ማጉረምረም ከመጀመሩ በፊት የመብራቱንም የዲሹንም ገመድ ያውጡ። ነጎድጓዱ መሰማት ከጀመረ በኋላ ግን ገመድ አይንኩ።

የማጉያውን ክዳን ግን ከቶ አይክፈቱ፤ ከመብራት ከተነቀለም በኋላ በውስጡ አደገኛ ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል። የመቃጠል ሽታ ካለ ወይም በስልክም ተፈትኖ እምቢ ካለ ባለሙያ ይጥሩ። ያን ጊዜም «ተቃጠለ» ሲባሉ የተቃጠለውን እንዲያሳዩዎ ይጠይቁ። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ገንዘቡ የልጆች ደብተርና የወሩ ዘይት ነው።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በበዓል ጥድፊያ የተሰካ ገመድም እንዲሁ ነው። ለሚቀጥለው ጽዳት በእያንዳንዱ ገመድ ጫፍና በቀዳዳው አጠገብ ፕላስተር ለጥፈው አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ቁጥር ይጻፉ። ዕቃውን የሚያነሣው ማንም ቢሆን አይሳሳትም።

ልጅቱ ገመዱን አንድ ቀዳዳ አዛውራ ብትሰካው ድምፁ መጣ። በዚያው ምሽት ዜና ሲጀምር እናትዬዋ ብድግ ብለው፣ «ኧረ ቀንሺው ልጄ፣ ጎረቤት ምን ይለናል!» አሉ።