ማሽኑን አትሳደቡ፣ መመሪያውን ጻፉ!

«ሰው ሰራሽ አስተውሎት ሙዚቃ አይገባውም» ማለት ፋሽን ሆኗል። ይግባው አይግባው ሌላ ክርክር ነው። የእኛ ጥያቄ ቀላል ነው፦ የሙዚቃ ማቀናበሪያ ፕሮግራሞቹ እንዴት እንደሚሠሩ ማን በወጉ ነገረው?

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። ኤጀንት የሚባለው፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ሲሰጡት ያለቀ ዘፈን ፈብርኮ ከሚወረውረው ማሽን ይለያል። ኤጀንት እናንተ የምትሠሩበትን ፕሮግራም ራሱን ይነካል። ትራክ ይከፍታል፣ ኖታ ያስገባል፣ ድምፅ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ግን በአብዛኛው እንደ አቀናባሪ እየሰማ አይደለም የሚሠራው። ፕሮግራመሩ «ይህ መሣሪያ ይህን ያደርጋል» ብሎ የጻፈለትን አንብቦ ነው። አንትሮፒክ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 «ሞዴል ኮንቴክስት ፕሮቶኮል» የተባለውን የመገናኛ ደንብ ካወጣ ወዲህ ፕሮግራምን ከኤጀንት ጋር ማገናኘት ቀሏል። ማገናኘቱ ቀለለና ማስረዳቱ ተረሳ!

ኤብልተን ላይቭን ውሰዱ። የትራኩ ድምፅ በፕሮግራሙ ውስጥ ከ0 እስከ 1 በሆነ ቁጥር ይለካል። 1 ማለት «ልክ ነው» ማለት ይመስላል አይደል? አይደለም። 1 ማለት የ6 ዲሲቤል ጭማሪ ነው፤ ዜሮ ዲሲቤል የሚገኘው 0.85 ላይ ነው። ይህን ማንም ካልጻፈለት ኤጀንቱ ትራኩን ሁሉ 1 ላይ ሰቅሎ ጆሯችሁን ያፈነዳዋል። ከዚያ «ማሽን ምን ያውቃል!» እንላለን።

ሌላም አለ። የፒያኖው መካከለኛ ዶ በሚዲ ቁጥሩ 60 ነው። ኤብልተን 3ኛ ኦክታቭ ይለዋል፣ ኤፍ ኤል ስቱዲዮ 5ኛ ይለዋል፣ ብዙ የሙዚቃ መጻሕፍት ደግሞ 4ኛ ይሉታል። ባለሙያው በጆሮው አስተካክሎ ያልፋል። ኤጀንቱ ግን ቤዙን አንድ ኦክታቭ አንስቶ ያስቀምጥላችኋል፣ ያውም በሙሉ ልብ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንምጣ። የመሣሪያው ማብራሪያ «ቅኝት፦ ሜጀር ወይም ማይነር» ብቻ ካለ፣ አንቺሆዬ የት ይግባ? ከዶ ሲነሳ አንቺሆዬን በግማሽ ድምፅ ብንቆጥረው 0፣ 1፣ 5፣ 6፣ 9 ነው። ሜጀርም አይደለም፣ ማይነርም አይደለም። ስለዚህ ትጉሁ ኤጀንት «ስህተት» መስሎት ያርመዋል! የማሲንቆውና የክራሩ ድምፅ ደግሞ ሁልጊዜ ፒያኖው ቁልፍ ላይ አያርፍም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው ላይቭ 12 ከተለመደው የ12 ድምፅ ስሌት ውጪ ያሉ ቅኝቶችን መጫን ይፈቅዳል። በሩ ተከፍቷል ማለት ነው። በሩ እንዳለ ያልተነገረው ግን ግድግዳ ነው የሚታየው።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ይቃወሙናል።

የመጀመሪያው ፕሮግራመሩ ነው። «የትዕዛዞቹን ስም ዝርዝር ሰጥቻለሁ፣ ምን ቀረ?» ይላል። ወዳጃችን፣ የቀረው ዋናው ነው። ቁጥሩ ከስንት እስከ ስንት ነው? በምን ይለካል? ትዕዛዙ ሲሳካ ምን ይመልሳል፣ ሲከሽፍስ ምን ይላል? መቼ ነው የማይነካው? የመድኃኒት ስም ብቻ ጽፎ መጠኑን የተወ ሐኪም ሐኪም አይባልም።

ሁለተኛው አቀናባሪው ነው። «ሙያዬን ጽፌ እንጀራዬን ለማሽን ልስጥ?» ይላል። ስጋቱን አንንቀውም፤ የብዙ ሰው የቤት ኪራይ ያለው እዚያ ላይ ነው። ግን ዝምታው እንጀራውን አይጠብቅለትም። ኤጀንቱ እሱ ስላልጻፈ ሥራ አይፈታም፤ ሌላው ከጻፈው ተምሮ ይመጣል። ያኔ ትዝታን የሚያውቀው ሩቅ ሆኖ በሰማ ሰው ቃል ይሆናል፣ የችክችካውም ምት መስመር ላይ ካልተደረደረ «የተንጋደደ» እየተባለ ይቃናል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባል የለ! ደግሞስ የድምፅ ልክ 0.85 መሆኑን መጻፍ የማንን ሙያ ይሰርቃል? ሙያው የቱን ትራክ ዝቅ፣ የቱን ከፍ እንደሚያደርጉ ማወቁ ነው። እሱን ማንም በአንድ አንቀጽ ጽፎ አይጨርሰውም።

ስለዚህ ጥያቄያችን ይህ ነው። ኮድ የምትጽፉ፣ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ሰው የሚገባው አንድ አንቀጽ ጻፉ፤ ሰው ያልገባውን ማሽንም አያነበውም። ስቱዲዮ የምትውሉ፣ አራቱን ቅኝቶች፣ ምቱን፣ «ይህን አታርም» የምትሉትን ሁሉ በቁጥርም በአማርኛም አስቀምጡ። ይህ ሰነድ ነገ ለኤጀንቱ ብቻ አይደለም የሚጠቅመው። ዛሬ ላፕቶፕ ይዞ አስተማሪ ላጣው የሰፈራችን ልጅም ያው መመሪያ ነው።

ማሽኑን መሳደብ ነፃ ነው፣ መጻፍ ግን ያደክማል። እኛ ድካሙን መርጠናል፤ እናንተስ?