ይርጋጨፌን አስከብሮ ሚኪን መዝረፍ አያዋጣም

እንደ ሌሎቹ የአገራችን ከተሞች ሁሉ በዲላም የልጆች ቲሸርትና የትምህርት ቤት ቦርሳ ላይ ሚኪ ማውስን ማየት የተለመደ ነው። ሻጭም ገዢም ሥዕሉን ባለቤት እንደሌለው ዕቃ ይቆጥሩታል። ጉዳዩ ግን የጌዴኦን ነጋዴ ከማንም በላይ ሊያሳስበው ይገባል። ዞኑ የሚተዳደርበት ቡና ዓለም ገበያ ላይ የሚፈለገው በስሙ ጭምር ነውና።

ኢትዮጵያ ይርጋጨፌን፣ ሲዳሞንና ሐረርን በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ለአሜሪካ ያመለከተችው በ1997 ዓ.ም. ነበር። ይርጋጨፌ ሲመዘገብ በሁለቱ ላይ የአሜሪካ ብሔራዊ ቡና ማኅበር ተቃውሞ አቀረበ። ከስታርባክስ ጋር የነበረው ውዝግብም የበረደው ኩባንያው በሰኔ 1999 ዓ.ም. የፈቃድ ስምምነት ሲፈርም ነው። ስምምነቱ የሮያሊቲ ክፍያ ባያስገኝም፣ በስሙ ለመነገድ የባለቤቱ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አረጋግጧል።

ሁለት ሕጎችን መለየት ያሻል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 የቅጂ መብት የሚጸናው ደራሲው በሕይወት እስካለና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ነው። በአዋጅ ቁጥር 501/1998 የተመዘገበ የንግድ ምልክት ግን በየ7 ዓመቱ እየታደሰ ያለ ገደብ ሊቀጥል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1928 በፊልም የቀረበው የመጀመሪያው ሚኪ በአሜሪካ የቅጂ መብቱ በ2024 መግቢያ ላይ አብቅቷል። ከዚያ በኋላ ከተሻሻሉት ቅርጾች ብዙዎቹና የዲዝኒ የንግድ ምልክቶች ግን አልተለቀቁም። «ሥዕሉ አሮጌ ነው» ብሎ በተቆላ ቡና ማሸጊያ ላይ ያተመ ላኪ የሚዳኘው ዕቃው በሚራገፍበት አገር ሕግ ስለሆነ፣ ጭነቱ ጉምሩክ ላይ ሊያዝበት ይችላል።

«ከእኛ ሱቅ በሚሸጥ ቲሸርት ዲዝኒ ምን ይጎድልበታል?» የሚሉ አይጠፉም። አንድ የውጭ ቡና ቆዪ የሌላ አገር ቡና ከረጢት ላይ «ይርጋጨፌ» ብሎ ጽፎ ይህንኑ ጥያቄ ቢያነሳ ግን የዲላ ነጋዴ ምን ይመልስለታል?

የሚያዋጣው የራስን ገጸ ባሕርይ መፍጠር ነው። «ጸሐይ መማር ትወዳለች» የተሰኘው የልጆች ፕሮግራም ቀጭኔ የአገር ውስጥ ፈጠራ ተወዳጅ መሆን እንደሚችል አሳይታለች። ለሠዓሊ ከፍሎ፣ የመብት ዝውውሩን በጽሑፍ ይዞና ምልክቱን በኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን አስመዝግቦ የሚነግድ ሰው ነገ የሚሸጠው ወይም የሚያከራየው ሀብት ይኖረዋል። የተቀዳ ሥዕል ይዞ የሚነግድ ግን ገበያው በሰፋ ቁጥር አደጋውም አብሮት ያድጋል።