ካንሰር የሚገባባቸው ሁለት በሮች

ነገሩ የጀመረው ከአንዲት ዶሮ ነው። እ.ኤ.አ በ1909 ደረቷ ላይ እብጠት የወጣባት ዶሮ በኒውዮርክ ወደሚገኘው የሮክፌለር የምርምር ተቋም ተወሰደች። ተመራማሪው ፔይተን ራውስ እብጠቱን ፈጭቶ፣ ሕዋስም ሆነ ባክቴሪያ በማያሳልፍ ማጣሪያ አጠለለው። ጠላዩን በጤነኛ ዶሮዎች ሲወጋቸው እነርሱም ዕጢ አወጡ። በ1911 ያሳተመው ይህ ግኝት ቫይረስ ካንሰር ሊያስነሣ እንደሚችል የሚያሳይ ቢሆንም፣ ለረጅም ዘመን ሰሚ አላገኘም። ራውስ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ከ55 ዓመታት በኋላ፣ በ1966 ነው።

በዚያው ዓመት ሽልማቱን የተጋራው ቻርለስ ሃጊንስ ደግሞ በሌላ መንገድ የመጣ ሰው ነበር። የፕሮስቴት ካንሰር ከወንዴ ሆርሞን ኃይል እንደሚያገኝ፣ ሆርሞኑ ሲቀነስም እንደሚዳከም አሳይቷል። የሁለቱ ሰዎች ሥራ ዛሬም ካንሰር የሚገባባቸውን ሁለት በሮች ያመለክታል።

የመጀመሪያው በር ቫይረስ ነው። ለማሕፀን በር ካንሰር መንሥኤ የሆነው ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ይተላለፋል። አብዛኛውን ጊዜ ሰውነት በራሱ ያስወግደዋል። ለዓመታት ሲቆይ ግን ሕዋስ ከልክ በላይ እንዳይራባ የሚጠብቁትን ሁለት ፕሮቲኖች ያሰናክላል። ዘበኛ እንደሌለው ማሳ፣ ሕዋሱ ያለ ከልካይ ይባዛል። ከማሕፀን በር ካንሰሮች 70 በመቶ ያህሉ ከ16ኛውና ከ18ኛው የቫይረሱ ዝርያዎች ጋር የተያያዙ ናቸው። ሄፓታይተስ ቢም እንዲሁ ጉበትን ለዓመታት እያቆሰለ ለካንሰር ያጋልጣል።

ሁለተኛው በር ሆርሞን ነው። ኤስትሮጅን የሴት ልጅ የተፈጥሮ ሀብት እንጂ በሽታ አይደለም። ሆርሞኑ ቁልፍ ቢሆን፣ በሕዋሱ ውስጥ ያለው ተቀባይ ፕሮቲን የቁልፉ ማስገቢያ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሕዋሱ እንዲራባ ትእዛዝ ይደርሰዋል። ከጡት ካንሰሮች 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ይህ ተቀባይ ያላቸውና በዚሁ ትእዛዝ የሚያድጉ ናቸው። ታሞክሲፌን የተባለው ክኒን ማስገቢያውን ይዞ ቁልፉ እንዳይዞር ያደርጋል። አብዛኛውን ጊዜ ለአምስት ዓመትና ከዚያ በላይ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ተሽሎኛል ብሎ ማቋረጥ ግን ለበሽታው መልሶ በር መክፈት ነው።

የሁለቱ በሮች ልዩነት ለገጠሩም ለከተማውም ነዋሪ ትርጉም አለው። የቫይረሱን በር በሽታው ሳይመጣ መዝጋት ይቻላል። ኢትዮጵያ የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባትን ለልጃገረዶች መስጠት የጀመረችው በ2011 ዓ.ም. ነው። ክትባቱ ያመክናል የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ በውስጡ ያለው የቫይረሱ ቅርፊት ፕሮቲን እንጂ ሕይወት ያለው ቫይረስ አይደለም። ሕፃናት በ6ኛ፣ በ10ኛና በ14ኛ ሳምንታቸው የሚወስዱት ጥምር ክትባትም ሄፓታይተስ ቢን ይከላከላል። ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 49 ለሆኑ ሴቶች ደግሞ ቅድመ ካንሰር ቁስልን በአሴቲክ አሲድ የሚለየው ምርመራ አለ። ቁስሉ በጊዜ ከተገኘ ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ይታከማል።

የሆርሞኑ በር ግን በክትባት አይዘጋም። በኢትዮጵያ ሴቶች ዘንድ ቀዳሚው ካንሰር የጡት ካንሰር ሆኖ ሳለ፣ ዕጢው ተቀባይ ያለው መሆኑን የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ በየወረዳው የለም። ናሙናው ወደ ትልቅ ከተማ መሄድ አለበት፤ ታማሚዋም የአዝመራ ወቅትን፣ የመሳፈሪያ ገንዘብንና ልጆቿን ማን ይጠብቅልኛል የሚለውን ታሰላለች። ምርመራው ካልተሠራ ክኒኑ ለማን እንደሚጠቅም በእርግጠኝነት ማወቅ አይቻልም። ስለዚህ የጤና ባለ ሥልጣናት የሚጠየቁት መድኃኒቱ መኖሩን ብቻ ሳይሆን ምርመራው ለገጠሯ ሴት ምን ያህል ቅርብ እንደሆነም ነው።

ካንሰር ራሱ ከሰው ወደ ሰው በመነካካት ወይም አብሮ በመብላት አይተላለፍም። ታማሚን ማግለል በሽታውን ያስደብቃል፤ መደበቁም ያዘገያል። የማያም እብጠት ጡቷ ላይ ያገኘች እናት «ካላመመኝ ምን አለ» ብላ መከር እስኪገባ መጠበቅ የለባትም። ልጁን ለክትባት የሚልክ አባትም፣ ሚስቱን ለምርመራ የሚሸኝ ባልም በሩን ከሚዘጉት መካከል ናቸው።