ዝምታ በክፍል ውስጥ ወርቅ አይደለም

«የዛሬ ልጅ መማር አይወድም» የሚለው አነጋገር በየመሥሪያ ቤቱ እየተዘወተረ ሄዷል። ማስረጃ ሆኖ የሚቀርበውም የ12ኛ ክፍል ፈተና ነው፤ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት በ2014 ዓ.ም. ከመቶ 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ብቻ ነበሩና። ቍጥሩን አንክድም፤ ፍርዱን ግን ከቶ አንቀበልም። እርሻው በሙሉ ሳያፈራ ሲቀር ዘሩን ብቻ ወቅሶ አራሹን ሳይጠይቁ ማለፍ ከየት የመጣ ዳኝነት ነው?

እኛ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ጨርሰን በመንግሥት ሥራ የተሠማራን ሰዎች የተማርንበትን ክፍል እናስታውሳለን። አስተማሪው ሰሌዳውን ይሞላል፤ እኛ እንገለብጣለን፤ ደወል ይደወላል። «ገብቷችኋል?» በተባልን ጊዜ ያልገባውም አብሮ «አዎ!» ይል ነበር፤ የጠየቀ ይሳቅበት ነበርና። ዲሬክተሩም በመስኮት በኩል ሲያልፍ ጸጥታውን ሰምቶ፣ ደስ ብሎት ወደ ቢሮው ይመለሳል። የዚያን ጸጥታ ዕዳ እነሆ ዛሬ እንከፍላለን፤ በስብሰባ ላይ ያልገባንን ነገር አልገባንም ለማለት እናፍራለን።

«ስድሳ ልጅ በታጨቀበት ክፍል ምን ይደረግ?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ጭንቁ እውነት ነው። ነገር ግን የቅኔ ቤት ተማሪ ሰሚ ብቻ ሆኖ አያውቅም፤ ለብቻው ሆኖ ቅኔውን ይቈጥራል፣ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፤ የበሰለውም ጀማሪውን ይረዳል። ይኸ ሁሉ ሲሆን ወንበርና ሰሌዳ እንኳ አልነበረም።

ስለዚህ የምንጠይቀው ብዙ ገንዘብ አይደለም። አስተማሪው ከአርባው ደቂቃ አሥሩን ለተማሪዎቹ ይልቀቅ፤ ጥያቄ ሰጥቶ ሁለት ሁለት እየሆኑ ይምከሩበት፤ እጁን ያወጣውን ብቻ ሳይሆን ከኋላ የተደበቀውንም በስሙ ይጥራ፤ የተሳሳተውን ሳያሳፍር ስሕተቱን ለሁሉ መማሪያ ያድርገው። የክፍል አለቃነትም የረባሽ ስም መመዝገብ መሆኑ ቀርቶ፣ እያንዳንዱ ልጅ በተራው ጓደኞቹን መምራት የሚለማመድበት ይሁን። ዲሬክተሩም ከቢሮው ወጥቶ በኋላ ወንበር ይቀመጥ፤ የሚመረምረውም የክፍሉን ጸጥታ ሳይሆን ስንት ልጅ አስቦ እንደ ተናገረ ይሁን።

ልጅ አጥብቆ ሲጠይቅ «ባለጌ» የምንል እኛ ወላጆችም ከዚህ ወቀሳ አናመልጥም። ዛሬ አፉን የዘጋንበት ልጅ ነገ በሸንጎ ቆሞ ለአገሩ እንዲናገር ብንለምነው፣ ቃሉን ከየት ያመጣዋል?