ድጋፉ ሶዶን ይሻገር

መንግሥት የኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ሲያደርግ የጉምሩክ ቀረጡንም በደረጃ ከፍሎት ነበር። ሙሉ በሙሉ ተፈታቶ ገብቶ እዚህ ለሚገጣጠም ምንም፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ አልቆለት ለሚመጣ 15 በመቶ። ሥራው እዚሁ ይሠራ፣ ወጣቱም ሙያ ይልመድ ማለት ነው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ በነዳጅ የሚሠራ አውቶሞቢል ከእንግዲህ ወደ አገር እንደማይገባ አስታወቁ። ለነዳጅ በየዓመቱ ቢሊዮኖች ዶላር ለምታወጣ አገር ይህ ትክክለኛ እርምጃ ነው ብዬ አምናለሁ።

አርባ ምንጭ ላይ ሆኖ ሲታይ ግን ድጋፉ መንገድ ላይ የቀረ ይመስላል። እዚህ ሕዝቡን የሚያጓጉዘው ባጃጅ ነው። ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን የሚወጣው ተማሪም፣ ሐኪም ቤት የምትሄድ ነፍሰ ጡርም፣ ዘንቢሏን እግሯ ሥር ያደረገች እናትም የሚሳፈሩት በእሱ ነው። ቤንዚን ሲጠፋ ባጃጆቹ ከማደያው ጀምረው የመንገዱን ዳር ይዘው ይሰለፋሉ። ሾፌሩ ቤንዚን እንዳያልቅበት ሞተሩን ያጠፋል፤ ወረፋው ፈቀቅ ሲል ወርዶ በእጁ ይገፋል። በዚያ ሐሩር ግማሽ ቀን እንዲህ ያልቃል። ወረፋው ካልደረሰው በሃይላንድ የሚቸረቸረውን በውድ ይገዛል፤ ጭማሪውንም ተሳፋሪው ይከፍለዋል። ባለንብረቱ የቀን ገቢውን ሲጠይቅ ወረፋ ነበር የሚል መልስ አይቀበልም።

ቀኑን ሙሉ አጭር መንገድ ለሚመላለስና ማታ ባጃጁን ለሚያሳድር ሾፌር በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለሦስት እግር ከማንም በላይ ይጠቅመዋል። የቀረጡ ቅናሽ ግን መጀመሪያ የሚያርፈው አስመጪውና ገጣጣሚው እጅ ላይ ነው። ሾፌሩ ባንክ ቢሄድ መያዣ ይጠየቃል፤ የቤት ካርታ ከየት ያመጣል? ቻይና በ2009 እ.ኤ.አ. ሰፊውን ድጎማ ስትጀምር አውቶቡስንና ታክሲን ነበር ያስቀደመችው፤ የግል ገዥ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛም ከብዙኃን ትራንስፖርት ብንጀምር መያዣውን የሚተካ የብድር ዋስትና ለባጃጅ ማኅበራት ይደርስ ነበር።

የመንገዱም ጉዳይ አለ። ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ትንንሾቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች አንዴ ተሞልተው ይህን አይጨርሱም። ሶዶ ወይም ሻሸመኔ ላይ ፈጣን ቻርጀር የሚተክል ባለሀብት ከገጣጣሚው ያላነሰ ድጋፍ ይገባዋል።

ስለዚህ ለገጣጣሚዎች የሚሰጠው ምሕረት ግዴታ ይኑረው። ታክስ የተማረለት ድርጅት ከአዲስ አበባ ውጭ የጥገና ጋራዥ ይክፈት፣ መለዋወጫ ያስቀምጥ፣ ባትሪ የሚፈትሽ ባለሙያ ያሠልጥን። አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪክና የሜካኒካል ምህንድስና ያስተምራል፤ የባጃጅ ሞተር ፈትተው የሚገጥሙ ልጆችም በየጋራዡ ሞልተዋል። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ቀጣዩን መመሪያ ሲያወጡ እነዚህን ሁለቱን ከገጣጣሚዎቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡ።