የሞተሩ ድምፅ አምሮ ሳለ

የጀልባ ሞተር ብዙ ጊዜ ማርጀት የሚጀምረው ድምፁ ገና እንዳማረ ነው። ሞተሩ ይነሳል፣ ጀልባዋን ይገፋል፣ ባለቤቱም «ደህና ነው» ብሎ መረቡን ይጥላል። ከውሃው በታች፣ ፕሮፔለሩን በሚያዞረው ካምቢዮ ውስጥ ግን ዘይቱ ሻይ በወተት መስሏል። ውሃ ገብቷል ማለት ነው። ጆሮ የማይሰማውን ይህን ውድቀት አስቀድሞ ማወቅ ለቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዛሬ አስፈላጊ የሆነበት ምክንያት አለ።

የሕዳሴ ግድብ የመሠረት ድንጋይ በጉባ የተቀመጠው መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. ነው። ውሃ መያዝ የጀመረው በ2012 ክረምት ሲሆን፣ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ከግድቡ ጀርባ የተኛው ንጋት ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ ይዞ ወደ 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሸፍናል። አባይ ዱሮም መተከልን ከአሶሳና ከካማሺ ይለይ ነበር፤ አሁን ወንዙ በነበረበት ቦታ ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል። በዚህ ሐይቅ ላይ ሞተሩ የቆመበት ጀልባ ዓሣውን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከዳር ያርቃል። የአሶሳ መካኒክ እጁን ያፍታታው በመኪና፣ በባጃጅና በጄኔሬተር ነው፤ የጀልባ ሞተር ለእሱ አዲስ እንግዳ ነው።

በአባይ መነሻ፣ በጣና፣ የደንገል ታንኳ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል። ባለቤቱ ክብደቱን በክንዱ ያውቀዋል፤ ዳር አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያሰጣዋል። ካምቢዮ ግን አይከብድም፣ ሕመሙን አይናገርም። ስለዚህ አሠራሩን ማወቅ የግድ ነው።

በብዙ ባለ 40 የፈረስ ጉልበት ሞተሮች የካምቢዮው ዘይት ግማሽ ሊትር ገደማ ብቻ ነው። ሞተሩ ሲሠራ ይህ ዘይት ይሞቅና ይሰፋል። ሞተሩ ጠፍቶ ውሃ ውስጥ ሲቀመጥ ደግሞ ይቀዘቅዛል፣ ይኮማተራል፣ ወደ ውስጥ ይስባል። በዚያች ሰዓት ሐይቁንና ዘይቱን የሚለየው በዘንጉ ዙሪያ ያለው ኦይል ሲል የሚባለው ቀጭን ጎማ ነው። ጎማው ከተጫረ ጠብታዋ ትገባለች። ውሃ ያገኘው ዘይት የማርሽ ጥርሶቹን መሸፈን ያቅተዋል፤ ኩሽኔታው ይዝጋል፤ የዛገ ኩሽኔታ ዘንጉን ያወላውላል፤ የሚወላወል ዘንግ ጎማውን ይበላል፤ የተበላው ጎማ ብዙ ውሃ ያስገባል። ውጤቱ ተመልሶ ምክንያት ስለሚሆን፣ ጥፋቱ እየቆየ ሲሄድ ይፈጥናል።

ጎማውን የሚጭረው ምንድን ነው? የመጀመሪያው የመረብ ክር ነው። ክሩ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ዘንጉ ላይ ይጠመጠምና ወደ ውስጥ እየገባ ጎማውን ይቆርጣል። ሁለተኛው ግንድ ነው፤ አዲስ ሐይቅ የሸፈነው መሬት ዛፍ የበቀለበት ነበር፣ ፕሮፔለሩ ጉቶ ሲመታ ዘንጉ ይጣመማል። ሦስተኛው የራሳችን እጅ ነው፤ ዘይት ስንቀይር የማፍሰሻ ብሎኑን አሮጌ ጉርኒሲዮን መልሰን እንገጥማለን።

ምርመራው ከቀላሉ ይጀምራል። ሞተሩ ከውሃ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ካደረ በኋላ፣ ጠዋት ሳይነሳ፣ የካምቢዮውን የታችኛውን ብሎን ላላ ማድረግ ነው። ውሃ ከዘይት ስለሚከብድ ቀድሞ ይወጣል። ቀጥሎ ዘይቱን አፍስሶ በትንሽ ፓምፕ አየር ማስገባት፤ መጠኑ አምራቹ ከወሰነው ማለፍ የለበትም፣ ብዙ ግፊት ደህናውን ጎማ ይጎዳልና። ዘንጉን በእጅ እያዞሩ፣ ማርሹን እየቀያየሩ የሳሙና ውሃ መቀባት ነው። አረፋው የሚነሳበት ቦታ ጥፋቱን ይናገራል፦ ከፕሮፔለሩ በኩል ከሆነ የፕሮፔለሩ ዘንግ ጎማ፣ ከውሃ ፓምፑ ሥር ከሆነ የላይኛው ዘንግ ጎማ፣ ከማርሽ መቀየሪያው ከሆነ ኦሪንግ የሚባለው የእሱ የጎማ ቀለበት። ከውስጥ የሚገፋውን አየር የያዘ ጎማ ከውጭ የሚመጣውን ውሃ ሊያስገባ ስለሚችል፣ አየሩን በመሳብም መፈተን ይገባል። ዘንጉ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቦይ ከተገኘ፣ አዲስ ጎማ ብቻውን አያድነውም።

«አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል፤ መለዋወጫው ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው እውነት ነው፤ ግን የሚደግፈው አስቀድሞ መመርመርን ነው። ጎማና ኦሪንግ ኪስ ይበቃቸዋል፤ ሙሉ ጥርስና ኩሽኔታ ግን ለሳምንታት ጀልባ ያስቆማል። ከሁሉ የሚከፋው ቀዳዳውን ሳይፈልጉ ዘይቱን ብቻ መቀየር ነው። አዲሱ ዘይት ጠርቶ ይታያል፣ ልብ ያርፋል፣ ዝገቱ ሥራውን ይቀጥላል። ምልክቱን አጥፍተን በሽታውን እናስቀራለን።

ሐይቁ አዲስ ነው፤ ልማዱም ገና አልረጋም። የመጀመሪያው ዘይት ከ10 ሰዓት ሥራ በኋላ፣ ከዚያም በየ100 ሰዓቱ ወይም በየ6 ወሩ ይቀየር፤ አምራቹ ሌላ ካላለ በቀር ይህ ጥሩ መለኪያ ነው። ሲሞላም ከታች ወደ ላይ ይሁን፣ አየር እንዳይቀር። መረብ የነካ ፕሮፔለር ይፈታ፣ ክሩ ይፈለግ፤ ማታም ሞተሩ ከውሃ ይነሳ። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይህ ነው። ከብሎኑ ጫፍ የምትወርደውን የመጀመሪያዋን ጠብታ ዛሬ ያየ መካኒክ፣ ነገ ማዶ ዳር ቆሞ ጀልባ የሚጠብቀውን ሰው ከአሁኑ እየረዳው ነው።