የማልፓጋ ግንብና የድኾች ልጆች ትዳር

በሰሜን ኢጣልያ፥ ከቤርጋሞ ከተማ በስተደቡብ ባለው የእርሻ ሜዳ ላይ፥ ማልፓጋ የሚባል ጥንታዊ ግንብ ቆሞ ይታያል። የቬኒስ የጦር አዛዥ የነበረው ባርቶሎሜዎ ኮሌዎኒ ይህን ግንብ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1456 ዓ.ም. ገዝቶ፥ አጠናክሮና አስጊጦ መኖሪያው አደረገው። በ1475 ዓ.ም. የሞተውም በዚሁ ቤት ነው። የዴንማርክን ንጉሥ ቀዳማዊ ክርስትያንን በእንግድነት ሲቀበል የሚያሳይ ሥዕል በግድግዳው ላይ ይገኛል።

ኮሌዎኒ ስሙ እንዳይረሳ ሲል፥ በቅዱስ ማርቆስ አደባባይ ሐውልት እንዲቆምለት ለቬኒስ ብዙ ገንዘብ ተናዘዘ። ሐውልቱ ተሠራ፤ ሹማምንቱ ግን በሌላ አደባባይ አቆሙት።

እኛን ይበልጥ የማረከን ሌላው ሥራው ነው። በዚያ ዘመን በኢጣልያ ሙሽራይቱ ገንዘብ ይዛ ወደ ባሏ ቤት መሄድ ይገባት ስለ ነበር፥ የድኻ ልጅ ማግባት ይቸግራት ነበር። ኮሌዎኒም በ1466 ዓ.ም. በቤርጋሞ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቁሞ፥ ለድኾች ልጃገረዶች የትዳር ገንዘብ እንዲሰጥ አደረገ።

በጦርነት የተገኘ ሀብት ሁሉ ንጹሕ ነው አንልም። ይሁን እንጂ ግንቡ የጠበቀው ባለቤቱን ሲሆን፥ ስጦታው ግን የሌሎችን ጎጆ አቁሟል። ቤት የሚሠራ ሁሉ ይህን ቢያስብ መልካም ይመስለናል።